ሳይዘራ የበቀለ

ቅንጭብ ለመትከል ጉድጓድ መማስ፣ ዘር መበተን፣ ዝናብ መጠበቅ አያሻም። ከጎረቤት አጥር አንድ ክንድ የሚያህል ዘንግ ይቆረጣል፤ ነጩ ወተት እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ከዚያ መሬት ላይ ይሰካል። በቃ። ጅጅጋ ተወልደን ያደግን ልጆች ይህንን የተማርነው ፊደል ሳንቆጥር ነው። እኔማ የተማርኩት በዓይኔ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአጥራችን ላይ ዘንግ ስሰብር ወተቱ ዓይኔ ውስጥ ገባና ሦስት ቀን ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኜ ሰነበትኩ። ዓይኔን በፍየል ወተት እያጠቡ ያስታመሙኝ ጎረቤታችን ኤዶ ነበሩ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ነው፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን ከአባታችን ጋር የሥጋ ዝምድና የሌላቸውን ሴትዮ ሁላችንም ኤዶ እንል ነበር። እሳቸው በበኩላቸው እናቴን «ወላል» ይሏታል፤ እኅቴ እንደ ማለት ነው።

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ምሽጉን ማን እንደ ሠራ፣ ማን ገዥ እንደ ነበረ፣ የማን ጦር መቼ ገብቶ መቼ እንደ ወጣ ይመዘገባል። በዚህ በኩል ጅጅጋ ታሪክ አልጎደለባትም፤ እንዲያውም ተርፏታል። አጥሩን ማን ሰካው፣ በር ላይ የተንዠረገገው አበባ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔም ብሆን መጠየቅ የጀመርኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ቢላዋዋን ስወርስ ነው። እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት የሳሳ ተራ የሽንኩርት ቢላዋ ነው። ሌሎቹ ልጆቿ ወርቁንና ጋቢውን ተካፈሉ፤ ቢላዋውን የፈለገው አልነበረም። በዚያ ቢላዋ እናቴ ወጥ ሠርታበታለች፤ ከወጥ በተረፋት ጊዜ ደግሞ ዝንጣፊ ቆርጣበታለች።

ዝንጣፊ ስል ከአንድ ተክል ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ አፈር ውስጥ ተሰክቶ፣ ሥር ሰድዶ ራሱን የሚችለውን ቁራጭ ማለቴ ነው። ዘር ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ወፍ ይበትነዋል፣ ጎርፍ ያመጣዋል። ዝንጣፊ ግን ቆራጭ እጅ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት እጅ፣ የሚሰጥና የሚቀበል። ስለዚህ ዘር ባልተዘራበት ሜዳ ላይ ለምለም ነገር ባየሁ ቁጥር፣ ማን ለማን ሰጠው የሚለው ጥያቄ ይመጣብኛል።

ጅጅጋ ሜዳ ላይ ሰው መጀመሪያ የቆረጠው ቅርንጫፍ እንዲበቅል ታስቦ የተቆረጠ አልነበረም። ከብት አርቢው ሶማሌ ካረፈበት ስፍራ ሁሉ የግራር እሾህ ቆርጦ ክብ አድርጎ ያጥራል። «ኦድ» ይባላል። ከብቱ በውስጡ ያድራል፣ ጅቡ በውጭ ይቀራል። ሣሩ ሲያልቅ ሰውም ከብቱም ይነሣል፤ ኦዱ እዚያው ይደርቅና ለምስጥ ይሆናል። የሚቀረው አመድና ፍግ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ጅጅጋን ሲጠቅሳት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከሚያርፉባቸው ቦታዎች እንደ አንዷ አድርጎ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሪቻርድ በርተን የዐረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ሲጓዝ ያቋረጠው ሰፊ የሣር ሜዳም ይኸው የእኛው አገር ነው። ከተማ አላየም፤ የሚታይ ከተማ አልነበረምና።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1893 ስዌይን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንንና አዳኝ በዚያ ሲያልፍ ያገኘው ከውኃ ጉድጓዶቹ አጠገብ በእንጨት የታጠረ ምሽግና 25 ያህል ወታደሮች ነበር። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ደርቪሾች የተወሰዱባቸውን ግመሎች ለማስመለስ ይህንኑ ሰፈር ወረሩ፤ ብዙ ሰው አለቀባቸው። ይህንን ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው በጠመንጃው ላይ ሳይሆን በአጥሩ ላይ ነው። ወታደሩ አማራ ይሁን ኦሮሞ፣ ከደጋ ይምጣ ከቆላ፣ ሜዳው ላይ ሲሰፍር ያደረገው ሶማሌው ሲያደርግ የኖረውን ነው፤ ቆርጦ ማጠር። የቆረጠው ግን የሚደርቅ እንጨት ነው። ለመቆየት የመጣ ሰው አጥር አይደለም።

ለመቆየት ያሰቡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። አንባቢ እኚህን ሰው «ፋቡላ» በተባለው ተውኔታቸው፣ ወይም ባረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ያውቃቸው ይሆናል። ሩሲያ አድገው፣ እዚያው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. አካባቢ የጅጅጋ ገዥ ሆነው ከተማይቱን እንደ አዲስ ሲቆረቁሯት ጎዳናዎቿን ቀጥ አደረጓቸው፤ ቦታውንም በአራት ማዕዘን ሸነሸኑት። የሐረር ጀጎልን ጠመዝማዛ ጎዳና የለመደ ሰው ጅጅጋ ሲደርስ ግራ የሚጋባው በዚህ ነው፤ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ከመነሻው ያሳያል። ሰውየው ለአፈር የነበራቸው ፍቅርም የሚገርም ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰደው ማዳጋስካር በኖሩበት ዘመን በእርሻ ነበር የሚተዳደሩት፤ ከስደት ሲመለሱም የሂርና እርሻቸውን መረጡ።

ቀጥ ያለ መንገድ ቀጥ ያለ አጥር ይጠይቃል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ቦታ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ደግሞ ዳሩን ማሳወቅ አለበት። ድንጋይ ማስፈለጥ ገንዘብ ነው፤ እንጨት ከሣር ሜዳ ላይ ከየት ይመጣል? ልጅ ሆኜ ባየኋቸው ሰፈሮች መልሱ ቅንጭብ ነበር። ፍየል አይበላውም፤ ምስጥ አይደፍረውም፤ ድርቅ አይገድለውም። የአንዱ ግቢ አጥር ሲጎፍር ተከርክሞ የሚቀጥለው ግቢ አጥር ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆመው ቅንጭብ ሁሉ የአንድ ዘንግ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ይህ ቅንጭብ ራሱ ተጓዥ ነው። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። በመርከብ ተጭኖ ሕንድ ገባ፤ እዚያም የአጥር ተክል ሆኖ ተስፋፋ። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ሁሉ ስም ሲያወጣ ይህንን ተክል የጠራው የደቡብ ሕንድ ሰዎች በሚጠሩበት «ቲሩካሊ» በሚለው ስም ነው። ስለዚህ የእኛው የጓሮ ቅንጭብ በዓለም መዝገብ ላይ የሰፈረው በሕንድ ስሙ ነው። ዛሬ ጅጅጋ ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ግቢዎቿም በብሎኬት እየታጠሩ ነው። ብሎኬት መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ብሎኬት ከጎረቤት ተቆርጦ አይሰጥም።

ስለ ዝንጣፊ ታሪክ እየጻፉ፣ ያውም ጅጅጋ ላይ ቆመው፣ ጫትን መዝለል አይቻልም። ከቀትር በኋላ ከአወዳይ የተጫነው ጫት ካራማራን አልፎ ከተማ ሲገባ ገበያው እንዴት እንደሚንጫጫ ያየ ያውቀዋል። ከዚያ የተረፈው ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐርጌሳ ይከንፋል። መክነፉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይከስማል። ጫት ነጋዴ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደመው ለዚህ ነው።

ጫት ግን ይተከላል እንጂ አይዘራም። የሐረርጌ ገበሬ ከአሮጌው ግንድ ሥር የሚወጣውን ቀንበጥ ነቅሎ ወይም ዘንጥፎ በመደዳ ይተክለዋል፤ በመካከሉ ማሽላውን ወይም ስኳር ድንቹን ያስገባል። ስኳር ድንቹም በበኩሉ የሐረጉ ቁራጭ እየተቀበረ የሚባዛ ነው፤ ከአሜሪካ መጥቶ አገር የለመደ እንግዳ። ጫትን ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ይሁንና ዘሩ ቶሎ ይበላሻል፤ የበቀለውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ዝንጣፊ ግን እናቱን ይመስላል ማለት ያንሰዋል፤ ራሷ ናት። ቀዩ ዲማ ዲማ ሆኖ፣ ዳሎታውም ዳሎታ ሆኖ የሚቀጥለው በዚህ ነው። እኛ ባማርኛ ተክል ስንቆጥር «ይህን ያህል እግር» እንላለን፤ ሦስት እግር ቡና፣ አንድ ሺሕ እግር ጫት። የሐረርጌን ተራሮች ሳይ ቃሉ እውነትም ትክክል ይመስለኛል፤ ዛፉ አንድ፣ እግሩ አእላፍ።

ደግሞ ስለ ጫት በአገራችን የምናውቀው የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ መቃም ሳይሆን ስለ መትከል መናገሩ ደስ ይለኛል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. በ1332 ስለ ተደረገው ጦርነት ሲተርክ የይፋቱን ገዥ የሰብረዲንን ፉከራ ይጠቅሳል። ሰብረዲን የንጉሡን አገር ከያዝኩ በኋላ በመርዓዴ ጫት አስተክላለሁ፣ እስላሞች ይህንን ተክል ይወዱታልና፣ ብሎ ዝቷል። አንድ ጦረኛ ድሉን የሚለካው በሚያቃጥለው ከተማ ብቻ ሳይሆን በሚተክለው ዝንጣፊ ነበር ማለት ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት ግብፅና ሶርያ የኖረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል-ዑመሪም ስለ ይፋት ሲጽፍ እንቅልፍና ምግብ የሚያስቀንስ፣ አእምሮን የሚያነቃቃ ቅጠል እንደሚታኘክ ይነግረናል። ለተክሉ የሳይንስ ስም የሰጠው ፎርስኮል የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ቅጠሉን ያየው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1763 እዚያው በበሽታ ሞተ፤ መጽሐፉ ከ12 ዓመት በኋላ በጓደኛው እጅ ታተመ።

እኔ ጫት አልቅምም፤ በጫት ምክንያት የባከነ ከሰዓትና የተራቆተ ቤት ብዙ አይቻለሁ። የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1975 ዓ.ም. ጫት መትከልን፣ መሸጥንና መቃምን በሶማሊያ ምድር ሁሉ ሲከለክል አንዳንድ የጅጅጋ እናቶች እልል ማለት ዳድቷቸው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ክልከላው ድንበር ላይ ቆመ፤ ቅጠሉ ግን ቆሞ አያውቅም። ሆኖም ይህንን ልማድ መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አንድን ተክል ምርጥ ቅጠሉን እየለየ፣ እየዘነጠፈ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሳይለወጥ ማስተላለፉን ማድነቅ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው ጥበብ ዛሬ በአውሮፕላን ይሄዳል። ቆቃ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ሠራተኞች ከእናት ተክል ላይ የሚቆርጧቸው፣ ገና ሥር ያላወጡ ዝንጣፊዎች በቦሌ በኩል አውሮፓ ይላካሉ፤ እዚያ ሥር አውጥተው የፈረንጅ በረንዳ ያሳምራሉ። ፈረንጆቹ ይህንን ያውቁ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወደ እናቴ በር ልመለስ። እኔ በተወለድኩበት በ1957 ዓ.ም. አባቴ ለሥራ ድሬዳዋ ደርሶ ሲመለስ ከከዚራ ሰፈር የቡገንቪላ ዝንጣፊ አመጣላት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ፣ በሐረር፣ በባቢሌ፣ ያንን የዳካታን የተደራረበ ድንጋይ አልፎ። ቡገንቪላ ለዝንጣፊ የተፈጠረ ነው፤ እንደኛ ባለ አገር ዘር ሲሰጥ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በየበሩ የምናየው ሁሉ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የተላለፈ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ፈረንሳዊው የባሕር ተጓዥ ቡገንቪል ዓለምን ሲዞር መርከቡ ብራዚል ላይ ታርፋለች፤ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ኮሜርሶን ተክሉን አይቶ በአለቃው ስም ሰየመው። የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት በመርከብ እንዳትሄድ ተከልክሎ ስለ ነበር ወንድ መስላ፣ ሱሪ ታጥቃ ነው የተጓዘችው። ተክሉን ማን ቀድሞ እንዳየው ማን ያውቃል? ስሙ ግን የአለቃው ሆነ። ለነገሩ አበባው ራሱ አታላይ ነው፤ ቀይ ሆኖ የሚታየው አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ነጭ ፍንጣሪ ናት።

እናቴ ያንን ዝንጣፊ አጽድቃ በራችን ላይ አለበሰችው። በሦስተኛው ዓመት ለኤዶ ሰጠቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ «ግመል የማይበላው፣ ሰው የማይበላው ዛፍ ምን ያደርጋል?» ብለው ስቀውባት ነበር አሉ። በኋላ ግን ከእኛ በላይ አሳመሩት።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቀረበ። በነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጅጅጋ ወጣን፤ እንቁጣጣሽን የዋልነው ሐረር፣ በሰው በረንዳ ነው። አዲሱ ዓመት በገባ በሁለት በሦስት ቀኑ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ያ ቀን በካራማራ ስም ይታወሳል። ስለ ድሉ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። በመጀመሪያው ዙር እኛ ወደ ምዕራብ ሸሸን፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ኤዶ ከሁለተኞቹ ጋር ነበሩ። አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች በስድስት ወር ልዩነት ጀርባ ለጀርባ ሸሹ።

በ1971 ዓ.ም. ስንመለስ ቤታችን ጣሪያ አልነበረውም። ቡገንቪላው ከሥሩ ተቆርጦ ማገዶ ሆኗል። ቅንጭቡ ብቻ ነው እንዳለ የቆየን፤ ማንም ምንም ሊያደርገው አይችልምና። የኤዶ ግቢ ባዶ ነበር። ማድቤታቸው ወድቋል፤ በፍርስራሹ ላይ ግን ቡገንቪላቸው ውኃ ያጠጣው ሳይኖር ተንሰራፍቶ፣ በቀይ ተጥለቅልቆ ነበር። እናቴ ለሳምንት ያህል በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ዝም አለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቢላዋዋን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። እናቴ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የሰው ደጅ ሳታስፈቅድ የገባችበትን ጊዜ አላውቅም። አምስት ዝንጣፊ ይዛ ወጣች፤ ያን ዕለት ማታም ራት አልበላችም።

አሠራሯን ደጋግሜ ስላየሁት እዚህ ላይ ልጻፈው። ለጋው ጫፍ አይሆንም፣ ይጠወልጋል፤ ያረጀው ግንድም ይዘገያል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ቢጎነብስ የማይሰበር ዘንግ ትመርጣለች። ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ አንጓው ከሦስት የማያንስ። ከታች ያለውን ከአንጓው ሥር ሰያፍ አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ ከላይ ያለውን ቀጥ አድርጋ። ይህም የትኛው ራስ፣ የትኛው እግር እንደሆነ እንዳይጠፋት ነው፤ የተገለበጠ ዝንጣፊ አይጸድቅም። ከታች ያሉትን ቅጠሎች ትገነጥላለች፤ ከላይ ሁለት ብቻ ትተዋለች። ሥር የሌለው ነገር ብዙ ቅጠል ከተሸከመ ውኃው በላብ ያልቅበታል። ከዚያ የኒዶ ጣሳ ቂጡን በምስማር በስታ፣ የወንዝ አሸዋና ጥቂት የደረቀ ፍግ ቀላቅላ ትሰካዋለች። ፍጉ ሲበዛ ያበሰብሰዋል። ጣሳው የሚቀመጠው የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት ጥግ ነው። ውኃው የሰሃን እጣቢ ነበር፤ በርሜል ውኃ በአህያ ተጭኖ በሚሸጥበት ከተማ ለአበባ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ነውር ነው።

ሳይንሱ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመራማሪዎች ኦክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ የአንጓው ምሥጢር ተገለጠ። ኦክሲን ከላይ ከለጋው እንቡጥና ቅጠል እየተመረተ ወደ ታች ይወርዳል፤ መንገዱ በቢላዋ ሲቋረጥበት ከቁስሉ በላይ ይጠራቀማል። ቁስሉ ጠባሳ ያበጃል፤ ከዚያ አካባቢ ሥር ይወጣል። ቅርንጫፍ ልሆን ብሎ የተፈጠረ ሕዋስ ሐሳቡን ለውጦ ሥር ይሆናል። ዛሬ ይህ ንጥረ ነገር በዱቄት መልክ በጠርሙስ ይሸጣል። እናቴ አልነበራትም፤ ትዕግሥት ነበራት። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠል ሲፈነጥቅ እኛ ልጆች ስንጨፍር ትቆጣን ነበር፤ «ቅጠል ይዋሻል» ትላለች። እውነቷን ነው። ዝንጣፊ በግንዱ ውስጥ በቀረው ስንቅ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል። ከአምስቱ ሦስቱ የደረቁት እንዲህ ነው። ሁለቱ ጸደቁ፤ አንዱ የራችን ቡገንቪላ ሆነ።

ጊዜው ይሄዳል። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ሰሜን ሶማሊያ በጦርነት ስትነድ ስደተኛው በተራው ወደኛ ጎረፈ። ሐርትሼክ ላይ የተቋቋመው መጠለያ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቀብሪ በያህ፣ ተፈሪ በር፣ ደርወናጂ፣ አውሬ ሁሉ በሰው ተሞሉ። ሜዳው ላይ የቀረው ግራር ለኦድና ለማገዶ ተቆረጠ፤ ያ የሚደርቀው ቅርንጫፍ እንደ ገና ነገሠ። በእነዚያ ዓመታት ሜዳውን ሌላ እንግዳም ወረሰው፤ ማንም ያልሰጠው፣ ማንም ያልተቀበለው የፓርቴኒየም አረም። የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ «ፋራምሲሳ» ይለዋል፤ አስፈራሚ፣ ፈርመህ መሬትህን ልቀቅ የሚል። እሱ የሚመጣው በዘር ነው፤ በጎማ፣ በእህል ጆንያ፣ በከብት እግር። ከመጠለያዎቹ ወደ ጅጅጋ ገበያ የመጣ አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚል የተጻፈበት፣ አራት ማዕዘን፣ ከኒዶ ጣሳ የሰፋ። እናቴ ሦስት ገዛች።

በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ ሸሽተው የነበሩት ሁሉ ተመለሱ፤ ኤዶም ተመለሱ። ቤታቸው ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል፤ ግቢው ተመንጥሮ ክፍል ተሠርቶበታል። የእኅታቸው ልጅ ዘንድ ተጠግተው ነበር። ቤታችን ሲመጡ በራችን ላይ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ይህ የኔ ነው» አሉ።

«ያንቺስ ከየት መጣ?» አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ተቃቀፉ፤ አለቀሱ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ግን እናቴ ያንን ነገር ማውጣት ነበረባት። ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን ባማርኛ፣ «ግቢሽ ገብቼ ቆርጬ ነው። ማንንም አላስፈቀድኩም» አለቻቸው።

ኤዶ ብዙ ዝም አሉ። «ማድቤቱ ቆሞ ነበር?»

«አልነበረም።»

«በሩስ?»

«በሩም።»

«አበባው ግን ነበር።»

«ነበር። ቀልቶ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ በማግስቱ አንዱን የዘይት ቆርቆሮ አዘጋጅታ ዝንጣፊ ሰካችላቸው። ሲጸድቅ ኤዶ አልወስድም አሉ፤ «በር ሲኖረኝ እወስደዋለሁ፤ እስከዚያ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሉ። በር እስኪኖራቸው ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። በየጊዜው እየመጡ ውኃ ያጠጡታል፤ ከረከሙት፤ እሾሁ ሲወጋቸው በሶማሊኛ ይሰድቡታል።

በ1986 ዓ.ም. እኔ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት በሄድኩበት ሳምንት፣ ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው፣ የቆርቆሮ በር አስገጥመው፣ ጋሪ ይዘው መጡ። እኔና ጋሪ ነጂው ግራና ቀኝ ይዘን ቆርቆሮውን ልናነሣ ብንል አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብለን አየን። ሥሩ በምስማር ቀዳዳው ወጥቶ፣ የጣት ውፍረት አክሎ፣ ወደ ግቢያችን አፈር ጠልቆ ገብቷል። ጋሪ ነጂው ቆርጠን እናውጣው አለ። ኤዶ እጁን ያዙት።

እናቴ ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ ሆና ሁለቱንም አየቻቸው። «ልጄ፣ ያንን ቢላዋ አምጪልኝ» አለችኝ።